ማንቆርቆሪያዋ ኤግዚቢሽን የገባችበት በልግ

ልጄ ሀናን "ሥዕል ልማር" ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ጎሮ አካባቢ አንድ የኪነ ጥበብ ማእከል አለ፤ በዚህ በበልግ ወቅት ኤግዚቢሽን ይከፍታል፣ ፊልም ያሳያል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለልጆች ወርክሾፕ አለው። የክፍሏ ልጆች ሄደው መጥተው አወሩላት፤ ከዚያ በኋላ ነፍሴን አወጣችው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። መኪናውን እፈራለሁ፣ ክዳን የሌለውን ጉድጓድ እፈራለሁ፣ ደውዬ ቶሎ ካልተነሳ ልቤ ቀጥ ትላለች። ከአያት ተነስታ ጎሮ ድረስ ብቻዋን በታክሲ ልትሄድ? አይታሰብም። በመጨረሻ ጭቅጭቁ ሲበዛብኝ ራሴ ይዣት ሄድኩ።

በሩ ላይ ጸጉሩን የጎነጎነ ወጣት ተቀበለን።

"እናት፣ እርስዎ መሄድ ይችላሉ። ሰባት ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዷታል።"

"እዚሁ እጠብቃታለሁ" አልኩት።

"እስከ ሰባት ሰዓት? ፀሐይ ነው እኮ!"

"ፀሐይ በልቶኝ አያውቅም።"

ሀናን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። "እማ፣ ፕሊስ! አታሳፍሪኛ!" ብላኝ ዞር ሳትል ገባች።

እኔ አጥሩ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሽታ ይወጣል፤ ቲነርና ኮላ። ከጎን ካለው ጋራዥ ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይመጣል። ቲነርስ የትም ይሸታል፤ ሦስቱ ባንድ ላይ ሲገናኙ ግን በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ልጄን እየጠበቅኩ እዚያች ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ ወሎ ሰፈር ገባሁ፤ ሦስተኛ ክፍል ሆንኩ።

ቤታችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ነበር፤ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ እቤት ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው የምንቀበለው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ወሎ ያለችው አያቴ ሞተች። እናቴ ከድጃ ለቅሶ ሄዳ ስትመለስ አባቷን ይዛቸው መጣች። ሰዉ ሼህ ይማም ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው።

አባባ ይዘው የመጡት አንድ የታሰረ ጓዝና አንዲት የብረት ማንቆርቆሪያ ነው። ጓዙን አልፈታም አሉ። እናቴ ልብሳቸውን አውጥታ መደርደሪያ ላይ ልታደርግ ስትነሳ "ተይው፣ ክረምት ሳይገባ እመለሳለሁ" አሏት፤ ገና ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። አገራቸው ድልድይ ከሌለው ወንዝ ማዶ ነው፤ ሰኔ ጠንከር ካለ ወንዙ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ መስከረም መግቢያ የለም።

"እዚያ ባዶ ቤት ምን ሊያደርጉ ነው?" ትላቸዋለች እናቴ። "ወድቀው ቢያድሩ ማን ያነሳዎታል?"

"አላህ።"

"አላህማ ያነሳል! ግን ሰው ልኮ ነው የሚያነሳው። ሰው የት አለና?"

አባባ ይስቃሉ። ይስቁና፣ "ክረምት ሳይገባ" ብለው ይደግሙታል። እናቴ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አያታለሁ። ፍርሃቱን ከእሷ ነው የወረስኩት መሰለኝ።

እኔ አባባን እንዲሄዱብኝ አልፈለግኩም። ከእሳቸው በፊት መብረቅ ሲመታ አልጋ ሥር ነበር የምገባው። እሳቸው ከመጡ በኋላ ብብታቸው ሥር እገባለሁ፤ "አብሽሪ" ይሉኛል፣ "እሷም ፈርታ ነው የምትጮኸው።" መብረቅን የምትፈራ ሴት አድርጌ አስባት ጀመር። አንዳንዴማ አሳዘነችኝ።

ማንቆርቆሪያዋ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ሆዷ አንድ ቦታ የጎደጎደ፣ እጀታዋ ተሰብሮ የተበየደ ነው። አባባ ለሶላት ውዱ የሚያደርጉት፣ ማለት ፊትና እጅ እግራቸውን የሚታጠቡት፣ በእሷ ብቻ ነው። እናቴ እንደምትለው ድሮ ውሃውን የምታፈስላቸው አያቴ ነበረች፤ በየሶላቱ፣ ዕድሜዋን ሙሉ። አሁን ባንድ እጃቸው ይዘው ባንዱ ሲታጠቡ ግማሹ ውሃ ጉልበታቸው ላይ ይፈሳል። እኔ ላፍስልዎ ብዬ ሞክሬ እጅጌያቸውን አረጠብኩት። "በርቺ" አሉኝ፤ በማግስቱ ግን ራሳቸው አፈሰሱ።

መጋቢት ላይ እንግዲህ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የሥዕል ማእከል ተከፈተ። ማእከል ይባል እንጂ የተዘጋ ጋራዥ ነው። ሰዓሊዎች ተከራይተው ግድግዳውን ነጭ ቀቡት፤ ወለሉ ላይ ግን የዘይቱ ጥቁር እንዳለ ነው። መሀሉ ላይ መካኒኮች ከመኪና ሥር ይገቡበት የነበረ ጉድጓድ አለ፤ ጣውላ ረበረቡበት። በላዩ ስንሄድ እንደ ከበሮ ይጮሃል። እኔ ዳር ዳሩን ነበር የምሄደው።

እኛን ልጆቹን የምታስተምረን ቲቸር ሰናይት ነበረች። ቀጭን ናት፣ ጣቷ ሁልጊዜ ቀለም ነው። ሁልጊዜ ከተለያየ ቀለም ጋር ስለምትመጣ እኔ ጥፍሯን በየቀኑ የምትቀባ ሀብታም መስላኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ድንች አምጡ አለችን። ድንቹን ለሁለት ከፍለን፣ ፊቱን በቢላ ቀርጸን፣ ቀለም ውስጥ ነክረን ወረቀት ላይ አተምን። ኮከብ ያተመ አለ፣ ዓሣ ያተመ አለ፤ እኔ ቀርጬ ቀርጬ አንዱ ግማሽ አለቀብኝ። ማታ እናቶች ተሰብስበው መጡ።

"ድንቻችንስ?"

"ተቀርጿል እኮ" አለች ቲቸር ሰናይት።

"ቢቀረጽስ! ድንች አይደል?"

የዚያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጡ ውስጥ ኮከብና ዓሣ እያወጣ በላ። እናቴ ሰማያዊውን ስትፍቅ አምሽታ፣ "ይኼን ትምህርት ዳግመኛ በሽንኩርት ይሞክሩት ይሆናል" አለች።

በሳምንቱ ነው ነገሩ የመጣው። አባባ ያን ሰሞን በልጉ ዘንቧል የሚል ወሬ ከአገር ሰምተው ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር፤ ክረምቱን እንኳ መጠበቅ ትተው "በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ፈልጉልኝ" ብለዋል። እናቴ ምግብ መብላት አቆመች። እኔም ማእከል ውስጥ ቁጭ ብዬ እሱን እያሰብኩ ነው ቲቸር ሰናይት የተናገረችው።

"ኤግዚቢሽናችን ስለ ቤታችን ነው። እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ያለሱ መዋል የማይችለውን አንድ ዕቃ ታመጣላችሁ። ግንቦት መጨረሻ ድረስ እዚህ ይቆያል። ማንም አይነካውም። ሰው ይመጣል፣ ያያል።"

ማንም አይነካውም ስትል ጆሮዬ ቆመ። አባባ ያለ ማንቆርቆሪያቸው የትም አይሄዱም። ማንቆርቆሪያዋ እዚህ ከገባች ግንቦት መጨረሻ ድረስ አትወጣም። ስለዚህ አባባም አይወጡም። እንደዚያ ቀን ብልህ ሆኜ አላውቅም። እየሮጥኩ እቤት ገባሁ።

"አባባ፣ ማንቆርቆሪያዎን ያውሱኛል?"

"ለምኑ?"

"ለኤግዚቢሽን።"

"ምንድነው እሱ?"

"ሰው መጥቶ ያየዋል።"

"አይቶስ?"

"አይቶ ይሄዳል።"

አባባ ማንቆርቆሪያዋን አገላብጠው አዩዋት፤ ምኗ እንደሚታይ የፈለጉ ይመስላሉ። "መቼ ትመለሳለች?"

"ግንቦት ሲያልቅ።" ከዚያ ላለመንተባተብ ቶሎ ብዬ ጨመርኩ፣ "ከዚያ በፊት አይወጣም። ሕግ ነው።"

አባባ አዩኝ። እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ጭልፋ እንደያዘች ቀርታለች። አባባ ማንቆርቆሪያዋን ሰጡኝና "ሕግ ከሆነማ ምን ይደረጋል" አሉ። "እኔም እስከዚያ እዚሁ ነኛ።"

እናቴ የዚያን ዕለት ሁለት ጊዜ በላች።

የጠፋኝ ነገር ቢኖር፣ ቤት ያለሱ መዋል የማይችለው ዕቃ ሲወሰድ ቤቱ እንዴት እንደሚውል ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም ቲቸር ያለችንን ቃል በቃል ወስደነዋል። የጎረቤታችን የካሳሁን ልጅ ካውያ አመጣ። ካሳሁን ቢሮ ነው የሚሠራው፤ በማግስቱ ጠዋት ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ማእከሉ በር ላይ ተገኘ። "ለአንድ ደቂቃ" አለ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ጠዋት ከሥዕሎቹ መሀል ቆሞ ኮቱን ይተኩሳል።

አባባ ደግሞ የመጀመሪያውን ሌሊት በወተት ጣሳ ታጠቡ። ቀን ላይ ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሲቃረብ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ተከተልኳቸው። ቀጥ ብለው ማእከሉ ገቡ፤ በጣውላው ላይ ከበሮውን እያሰሙ ሄደው ማንቆርቆሪያዋን ከቆመችበት ሳጥን ላይ አነሷት።

ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ከተቀመጡበት ተስፈንጥረው ተነሱ።

"አባቴ! አባቴ! ዕቃ አይነካም!"

"የማን ዕቃ?" አሉ አባባ።

"የኤግዚቢሽኑ!"

"የኔ ናት።"

"የእርስዎ ብትሆንም አይነካም! ትእዛዝ ነው።"

"እሷ አትነካ። ሶላቱስ ይነካ? ሰዓቱ ደርሷል።"

ጋሽ ደምሴ ወደ ቲቸር ሰናይት ክፍል አዩ፤ የለችም። ሰዓታቸውን አዩ፤ ከሰዓቱ ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከጓሮ ቧንቧ አለ። ግን ከዓይኔ አይርቁም" አሉ። ሁለቱ ተከታትለው ወጡ። አባባ እንደ ልማዳቸው ባንድ እጅ ሲታገሉ ጋሽ ደምሴ ትንሽ ቆመው አዩ። ከዚያ "ይስጡኝ እባክዎ፣ የመንግሥት ውሃ ነው የሚያባክኑት" ብለው ተቀበሏቸውና አፈሰሱላቸው። ቀጥ አድርገው፣ ቀጭን፣ አንድ ጠብታ ሳይባክን። አባባ ሲጨርሱ ማንቆርቆሪያዋን ራሳቸው ወስደው ሳጥኑ ላይ መለሱ፤ አፏ ወደ በሩ እንዲሆን አስተካከሏትና ማዶ ወዳለው መስጊድ ተሻገሩ።

ከሰዓት በኋላ፣ አስር የሚባለው ሶላት ላይ ተመለሱ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ሰዓቱ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ውሃውን ሞልተው ይጠብቃሉ።

"ዘገዩ ዛሬ፣ ሼህ ይማም።"

"ሼህ አይደለሁም ብዬሃለሁ።"

"ለኔ ሽማግሌ ሁሉ ሼህ ነው።"

"አንተስ ወጣት ነህ?"

"እኔማ ዘበኛ ነኝ። ዘበኛ አያረጅም።"

ኤግዚቢሽኑ በይፋ የተከፈተ ቀን ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ ከረቫት ያሰሩ፣ የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩ። ሁላችንም ከዕቃችን አጠገብ ቆመን ስለ ዕቃው መናገር አለብን። እኔ ለሦስት ቀን አጥንቻለሁ። ነጭ ጸጉር ያላት ሴትዮ ፊቴ ቆማ በፈገግታ ስታየኝ ግን ያጠናሁት በሙሉ ጠፋ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች፣ ከኋላዋ ሌሎች ተሰበሰቡ፣ ቲቸር ሰናይት በዓይኗ "በይ፣ በይ" ትለኛለች። እንባዬ ሊመጣ ሲል ጣውላው ጮኸ። አባባ ናቸው። የአስር ሶላት ደርሷል።

ሰዉን "አንዴ አሳልፉኝ" ብለው ገብተው ማንቆርቆሪያዋን አነሱ፤ እኔን ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገውኝ ወደ ጓሮ ሄዱ። እንግዶቹ ተከተሏቸው። ጋሽ ደምሴ አፈሰሱ፣ አባባ ታጠቡ። ጨርሰው ቀና ሲሉ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ነጭ ጸጉሯ ሴትዮ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

አባባ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። "ለመታጠብ ይጨበጨባል እንዴ?"

"የኤግዚቢሽኑ ክፍል መስሏቸው ነው።"

"አይ! ይኼስ ለሰው አይደለም" አሉ አባባ። አልተቆጡም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያያቸው አልታጠቡም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ጓደኞቹን ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ጋሽ ደምሴ ጓሮው በር ላይ ከነዱላቸው ቆመው "ሥዕል ለማየት ከሆነ ሥዕሉ ወዲያ ነው!" ብለው መለሷቸው።

ሚያዝያ ላይ ፊልሙ መጣ። መስኮቱን በሸራ ሸፈኑት፤ ቀን ነበር፣ ውስጡ ግን ድቅድቅ አለ። እኔ አባባ ጉያ ገባሁ። ማሽኑ ሲነሳ ከኋላችን የብርሃን መንገድ ተዘረጋ፤ ውስጡ ደቃቅ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰዎች ይታያሉ። ወዲያው ገባኝ፤ እነዚያ ደቃቆቹ ሰዎቹ ናቸው። ከማሽኑ ትንሽ ሆነው ይወጡና እየሄዱ ያድጋሉ፣ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ሰው ያህላሉ። አንዱ ግንባሬ ላይ እንዳይወድቅና እንዳይጎዳ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የፊት ለፊቱ ልጅ ሲነሳ "ቁጭ በል፣ ሰው ትገጫለህ!" አልኩት። ምን እንዳልኩ እስካሁን የገባው አይመስለኝም።

ፊልሙ ስለ ሩቅ አገር ገበሬዎች ነው። ቋንቋቸው አይገባንም፣ ጭንቀታቸው ግን ይገባል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ በቆሎው ጠውልጓል፤ አንዲት ሴት በየጠዋቱ እየወጣች ሰማይ ታያለች። አባባ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሴትዮዋ ለስንተኛ ጊዜ ወጥታ ሰማይ ስታይ አባባ አልቻሉም። በጨለማው ውስጥ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው ዱዓ ጀመሩ።

"ያረቢ ዝናብህን ላክላቸው! ያቺን ሴት አታሳፍራት! ልጆቿን አታስርብ!"

ከኋላ አንድ ሰው "አሚን" አለ። ከዚያ ሌላ። ጋሽ ደምሴ ከበሩ አጠገብ በወታደር ድምፃቸው "አሜን!" ብለው አስተጋቡ። አዳራሹ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሚን አሜን ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ሰማይ ጠቆረ። ወላሂ ነው የምለው። አንድ ጠብታ፣ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ዶፍ። ሰዉ ተነስቶ ጮኸ። ካሳሁን እንባው መጣ። ጭብጨባው ውስጥ አባባ ተቀምጠው ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ።

በሳምንቱ ያንኑ ፊልም ሲደግሙት ሰው ከአዳራሹ ተርፎ በር ላይ ቆመ። አባባ ጸጥ ብለው ያያሉ። ሴትዮዋ ወጥታ ሰማይ ስታይ ሰዉ ዞሮ ዞሮ አያቸው።

"ሼህ ይማም፣ ይበሉ እንጂ!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ምኑን?"

"ዱዓውን!"

"ባለፈው ሳምንት ዘንቦላቸው የለም እንዴ?" አሉ አባባ። "እጥፍ ብንለምን ጎርፍ ይሆንባቸዋል።"

እየቀለዱ ይሁን እውነታቸውን ይሁን ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

ግንቦት ገባ። ኤግዚቢሽኑ ሊያልቅ ነው። አንድ ቀን ቲቸር ሰናይትን ጨርቋን ይዤ "እንዳያልቅ ማድረግ አይቻልም?" አልኳት።

"ኤግዚቢሽን እኮ ያልቃል የኔ ቆንጆ። ካላለቀ ሙዚየም ነው የሚባለው።"

"እና ሙዚየም ይሁን።"

ሳቀችና ጉንጬን ቀለም ቀባችኝ።

የባሰው ደግሞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ሄዳ ቤት ስጠርግ መጥረጊያው አባባ አልጋ ሥር የሆነ ነገር መታ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነው። ውስጡ እርጥብ ነው። ለመንገድ ገዝተዋል! የብረቷ ባትመለስም መሄድ ይችላሉ ማለት ነው። እኔ እዚያ ሕግ ነው እያልኩ ስጠብቅ እሳቸው ተዘጋጅተው ጨርሰዋል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ምግብ ታቆማለች ብዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ጓዙ ቦታው መኖሩን ነው። ካለ እተነፍሳለሁ።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ተጭኗል። እናቴ በሶ ስትፈጭ ነው ያደረችው፤ ለአባባ ስንቅ። ፊቷ በዱቄት ነጭ ሆኖ "ሂጂ፣ ማንቆርቆሪያቸውን አምጪላቸው" አለችኝ። ወደ ውጭ ስወጣ አባባ ተከተሉኝ፤ "አብረን እንሂድ፣ ዙህር ደርሷል" አሉ።

አዳራሹ ግማሹ ተነቃቅሏል። ካሳሁን ካውያውን ይዞ እየወጣ ነው፤ ቅር ያለው ይመስላል። ጋሽ ደምሴ ውሃውን ሞልተው ጓሮ ቆመዋል። ለመጨረሻ ጊዜ አፈሰሱ፣ አባባ ታጠቡ። ማንም አልቀለደም። እኔ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

"አባባ፣ ያቺን አረንጓዴዋን ለመንገድ ነው የገዟት?"

"የቷን?"

"አልጋ ሥር ያለችውን።"

አባባ እግራቸውን እንዳነሱ ቆመው ሳቁ። "እሷንማ የገዛኋት አንቺ ይቺን በወሰድሽ በሁለተኛው ቀን ነው። ሌሊት ሌሊት በወተት ጣሳ ልታጠብ ኖሯል?"

ነገሩ አልገባኝም። "ታዲያ እሷ ካለች ለምን በየቀኑ እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር?"

አባባ ጋሽ ደምሴን አዩ። ጋሽ ደምሴ ቧንቧውን ጥብቅ አድርገው ይዘጋሉ፤ ተዘግቷል፣ እሳቸው ግን ይዘጋሉ።

"የደምሴ እጅ አይንቀጠቀጥም" አሉኝ አባባ። "እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚያፈስልኝ ካጣሁ ከርሜ ነበር።"

ቲቸር ሰናይት ሥዕሎች በክንዷ አቅፋ መጣች። "አባባ ይማም፣ በጣም እናመሰግናለን። ያለ እርስዎ ኤግዚቢሽኑ እንዲህ አይደምቅም ነበር።"

"እና አለቀ?"

"ለዚህ ዙር አለቀ።"

"ሌላው ዙር መቼ ነው?"

"ክረምቱ ይለፍና ጥቅምት ላይ እንከፍታለን።"

"ጥቅምት" አሉ አባባ።

"ጥቅምት።"

"ደምሴስ ያኔ አለ?"

"የት ልሄድልዎት!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ ጀመረ። የበልጉ ዓይነት አይደለም፤ ከባድ ነው፣ የክረምት። ማንቆርቆሪያዋን ደረቴ ላይ አቅፌ ፊታቸውን እያየሁ እሄዳለሁ።

እቤት ስንገባ እናቴ ስንቁን ቋጥራ ጨርሳለች። ጓዛቸው በር አጠገብ ነው። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጣራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ትንሽ አዳመጡ።

"ከድጃ።"

"አቤት አባዬ።"

"ቀጣዩ ጥቅምት ነው አሉ።"

"ምኑ?"

"ኤግዚቢሽኑ።"

"እና?"

"እናማ ጥቅምት ነው ያሉት።"

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። አባባ የደረቡትን ጋቢ ቀስ ብለው አወለቁ፤ አሸተቱት፣ ጫፉን ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት።

"ይኼ ጋቢ አድፏል። እስቲ እጠቢልኝ።"

"አሁን? በዚህ ዝናብ?" አለች እናቴ። "አባዬ፣ ጋቢ እኮ ነው! በዚህ ዝናብ በሳምንትም አይደርቅ..."

እዚህ ላይ ቃሏ ቆመ።

"አይቸኩልም" አሉ አባባ።

እናቴ ጋቢውን ከእጃቸው ነጥቃ ሮጠች። ሳሙናው የት እንዳለ እንኳ አልፈለገችም፤ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብላ እጥፉን ሳትፈታ ሳፋው ውስጥ ከተተችው፤ በሁለት እጇ ተጭና ውሃው ሥር አሰመጠችው።